ሁለት ተራሮች በአንድ ወረቀት ላይ
(ናይሮቢና ሰፊው ፎቶግራፍ)

ከሩቅ ግዳጅ ወደ ቤተሰብ የሚላክ ፎቶግራፍ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ወታደሩ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፤ ከበስተኋላው አንድ ሕንፃ ወይም አንድ ሐውልት ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ያልቃል። ፎቶግራፉ የደረሳት ባለቤቱ ግን መልኩን ካየችና አለመክሳቱን ካረጋገጠች በኋላ የማትተወው አንድ ጥያቄ አላት። «ከጎንህ ምን አለ? ከሕንፃው ወዲያስ? የምትኖርበት አገር ሜዳ ነው ወይስ ተራራ?» ትላለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ሰው የሚኖረው በፊት ለፊቱ ባለው ነገር ብቻ ሳይሆን በግራ ቀኙ ባለውም ጭምር ነውና።

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተፈጠረ የፎቶግራፍ ዓይነት አለ። ፓኖራማ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «ሁሉንም ማየት» እንደ ማለት ነው። ከፎቶግራፍ በፊት በሥዕል የተጀመረ ጥበብ ነው፤ ሮበርት ባርከር የተባለ ሠዓሊ ተመልካቹን ዙሪያውን የሚከብ ሥዕል ፈልስፎ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1787 ነበር። ፎቶግራፍ እንደ ተፈለሰፈም ብዙ ሳይቆይ ፎቶግራፍ አንሺዎች የባርከርን መንገድ ተከተሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ሰፊ ፎቶግራፍ አነሣስና አስተታተም ለአንባቢያን ጥቂት ማስረዳት ሲሆን፣ ለዚህ የመረጥነው ቦታ ጎረቤታችን ናይሮቢ ነው። ከተማዋን የመረጥንበት ምክንያት በጽሑፉ ውስጥ ይገለጣል። የውጭ አገር ዓመታት የተሰጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ቀዝቃዛው ውሃ

ናይሮቢ ዕድሜዋ አጭር የሆነ ከተማ ናት። የማሳይ ሕዝብ ስፍራውን «እንካሬ ናይሮቢ» ይለው ነበር፤ «ቀዝቃዛ ውሃ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ ወደ ኡጋንዳ ይዘረጋ የነበረው የምድር ባቡር ሐዲድ እዚህ ረግረግ ሜዳ ደረሰ፤ ከፊቱ የስምጥ ሸለቆው ዳገትና ቁልቁለት ይጠብቀው ስለ ነበር መሐንዲሶቹ ዕቃቸውን አራግፈው ሰፈሩ። ሰፈሩ ቀረ፤ ከተማም ሆነ።

ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ናይሮቢ ላይ ባይተዋርነት ብዙም አይሰማውም። ከፍታው 1,700 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አየሩ ለደጋ ሰው ይስማማል። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የሚያልፈው ሰፊ ጎዳና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራል። ሰዓቱም ቢሆን የሚያደናግር አይደለም፤ ስዋሂሊ ተናጋሪው ሕዝብ ሰዓት የሚቈጥረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ በመሆኑ «ሳ ሞጃ» ሲሉ አንድ ሰዓት፣ «ሳ ምቢሊ» ሲሉ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው።

ከከተማው መሃል የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ አዳራሽ ግንብ ይነሣል። ካርል ሄንሪክ ኖስትቪክ የተባለ ኖርዌያዊና ዴቪድ ሙቲሶ የተባለ ኬንያዊ አርክቴክቶች የነደፉት ይህ ባለ 28 ፎቅ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቀ፤ ቁመቱ 105 ሜትር ነው። ቅርጹ ክብ በመሆኑና አናቱ በሁሉም አቅጣጫ ክፍት በመሆኑ ከተማዋን ለማየት ከሱ የተሻለ ስፍራ ለብዙ ዓመታት አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከላይኛው ፎቅ የሚሽከረከር ምግብ ቤት ነበረው፤ እንግዳው ከወንበሩ ሳይነሣ ከተማዋ በመስኮቱ ፊት ትዞርለት ነበር። ዛሬ ከሱ የሚረዝሙ ሕንፃዎች ተሠርተዋል፤ ከነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ2017 የተጠናቀቀው 200 ሜትር የሚሆነው የብሪታም ግንብ ነው። ይሁንና ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞሮ ለመመልከት የአሮጌውን ግንብ ጣራ የሚያህል የለም።

ከጣራው ላይ የሚታየው

የሒሳብ ነገር ለሚወድ አንባቢ አንድ ነገር እንጨምር። በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ከ105 ሜትር ከፍታ የቆመ ሰው አድማሱን የሚያየው ከ37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ምድር ራሷ ትጎብጥና ትሰወራለች። ተራራ ግን አንገቱን ከአድማስ በላይ ያወጣል። ስለዚህ ሰማዩ ጥርት ባለ ማለዳ ከናይሮቢ ሁለቱ የአፍሪካ ታላላቅ ተራሮች ይታያሉ፤ በደቡብ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ኪሊማንጃሮ (5,895 ሜትር)፣ በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ 140 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው የኬንያ ተራራ (5,199 ሜትር)። የሚጋርዳቸው ርቀት ሳይሆን ጢስና ጭጋግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ተሽከርካሪ በቀነሰበትና አየሩ በጠራበት ወራት፣ የኬንያ ተራራ ከከተማው ሕንፃዎች ጀርባ ቆሞ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ብዙውን ነዋሪ አስገርመው ነበር።

ፀሐይ በምሥራቅ ከኋላችሁ ስትወጣ ፊታችሁን ወደ ምዕራብ አዙሩ። የግራ እጃችሁ ወደ ደቡብ ይሆናል። በግራ ጫፍ ኪሊማንጃሮ አለ። ቀጥሎ የአቲ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲህ ደግሞ የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ይታያል። ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከለለ ሲሆን ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አንበሳ፣ አውራሪስ፣ ቀጭኔና ጎሽ ከአንድ ታላቅ ከተማ ደጃፍ ሲኖሩበት ይታያል። ዓይንን ትንሽ ወደ ቀኝ ስታሻግሩ የአፐር ሂል ሕንፃዎች ይመጣሉ፤ በነሱ መካከል ወደ ኪቤራ በኩል የዛገ የቆርቆሮ ጣራ ተያይዞ ይታያል። ከዚያ በስተኋላ እንደ ጣት ጉልበቶች የተደረደሩት 2,460 ሜትር የሚደርሱት የንጎንግ ኮረብታዎች ናቸው። ከፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ኡሁሩ ፓርክ አለ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ሰሜን፣ አንድ ሺህ ሄክታር የሚሆነው የካሩራ ደን ይጠቁራል። በመጨረሻም የኬንያ ተራራ።

ከአንዱ ተራራ እስከ ሌላው ያለው ማዕዘን 220 ዲግሪ ያህል ነው። የሰው ልጅ ሳይዞር ሊያየው ከሚችለው በላይ ነው። ለማንኛውም ተራ ፎቶግራፍም አይበቃውም። ሰፊው ፎቶግራፍ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አሥራ ሦስት ፎቶግራፍ አንድ ይሆናል

ይህን ሥራ ያስረዱኝ በናይሮቢ ለብዙ ዓመታት በፎቶግራፍ ማተም ሥራ የኖሩ አንድ አዛውንት ወገናችን ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። «ጋሼ፣ ይህን የሚያህል ሥዕል የሚያነሣው ምን ዓይነት ካሜራ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው ሣቁና፣ «ካሜራው ያው ካሜራ ነው ልጄ፤ ትልቁ ነገር ትዕግሥት ነው» አሉኝ። ከዚያም በወረቀት ላይ እየጻፉ አሳዩኝ።

የተለመደው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ካሜራ በቁሙ ሲያዝ ወደ ጎን የሚያየው 27 ዲግሪ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከጎረቤቱ ጋር በሲሶ ያህል መደራረብ ስላለበት አንሺው በየጊዜው 18 ዲግሪ እየዞረ ያነሣል። በዚህ ስሌት ከኪሊማንጃሮ እስከ ኬንያ ተራራ ለመድረስ 13 ፎቶግራፍ ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ አራት ሕጎች አሉት። አንደኛው፣ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ በውኃ ልክ መስተካከል አለበት። አንድ ግንበኛ ያለ ውኃ ልክ ግድግዳ እንደማያቆም ሁሉ ያለ ውኃ ልክ የተነሣ ፓኖራማም አድማሱ እንደ ማዕበል ይወጣል ይወርዳል። ሁለተኛው፣ ብርሃኑ፣ ቀለሙና የሌንሱ ትኩረት በመጀመሪያ ተለክቶ ከዚያ በኋላ እንዳይለወጥ መደረግ አለበት፤ ካሜራው በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ አንዱ ሰማይ ደማቅ፣ የቀጣዩ ሰማይ ደብዛዛ ሆኖ መጋጠሚያው ያስታውቃል። ሦስተኛው፣ ካሜራው መዞር ያለበት በራሱ ወገብ ላይ ሳይሆን ብርሃን በሌንሱ ውስጥ በሚሰበሰብበት ነጥብ ላይ ነው። አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ ግራና ቀኝ ዓይናችሁን በየተራ ብትጨፍኑ ጣታችሁ ከበስተኋላው ካለው ነገር አንጻር ሲዘል ታያላችሁ። ካሜራውም ከነጥቡ ውጭ ሲዞር የቅርቡ ነገር እንዲሁ ይዘልና ከሩቁ ጋር አልገጥምም ይላል። አራተኛው ፍጥነት ነው። ደመና ይሄዳል፤ ጥላ ይሸሻል፤ «ማታቱ» የሚባለው የናይሮቢ ሚኒባስ በአንዱ ፎቶግራፍ ላይ ግማሹ ታይቶ በሌላው ላይ ይጠፋል።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ናይሮቢ ከምድር ወገብ አጠገብ ስላለች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች። ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል፤ ብርሃኑ ከኋላ ሆኖ ምዕራቡን ሁሉ እኩል ያበራል፣ የከተማው ጢስም ገና አልተነሣም።

ከወታደሩ ጋር ያለው ዝምድና

ይህ ጥበብ ለወታደር እንግዳ አይደለም። መመልከቻ ቦታ ላይ የቆመ ጓድ ቀጠናውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ በተራ የሚቃኘው ዓይኑ የሳበውን ብቻ እንዳያይ ነው። የመሬት ገጽታ ሥዕል ሠርቶ ለአዛዡ የሚያቀርብ ሰውም የፎቶግራፍ አንሺውን ሥራ በእርሳስ ይሠራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ከምሽግ ላይ ተከታታይ ፎቶግራፎችን እያነሣና እያቀጣጠለ ረጃጅም የግንባር ፓኖራማዎችን አዘጋጅቷል፤ መድፈኞችና መኰንኖች ይገለገሉባቸው ነበር።

በሰላሙም ጊዜ ፓኖራማ የጦር ሰፈር ባለውለታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያገኘው «ሰርከት» የሚባለው ካሜራ በሞተር ኃይል በማቆሚያው ላይ ይዞራል፤ ፊልሙም በውስጡ በጠባብ ስንጥቅ ፊት ይሄዳል። በዚህ መንገድ አንድ ሻለቃ ጦር በሙሉ፣ እያንዳንዱ ሰው በመልኩ እየታወቀ፣ በአንድ ረጅም ወረቀት ላይ ይወጣ ነበር። ሰዎቹ ቀጥ ያለ ሰልፍ መስለው የሚታዩት በእውነቱ ካሜራውን ከበው በግማሽ ክብ ስለ ቆሙ ነው። ካሜራው ዝግ ብሎ ስለሚዞር አንዱ ቀልደኛ ከግራ ጫፍ ከተነሣ በኋላ በሰልፉ ጀርባ ሮጦ በቀኝ ጫፍ እንደገና መታየት ይችል ነበር። ፊልሙ እጅግ ረጅም ስለ ነበረ ማሳደጊያ መሣሪያ አይችለውም፤ ኔጋቲቩን ከወረቀቱ ጋር አጣብቆ ብርሃን በማሳየት፣ በራሱ ልክ ያትሙት ነበር።

በየፎቶግራፉ እያነሡ መቀጣጠልም አሮጌ ዘዴ ነው። ኤድዋርድ መይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1878 የሳን ፍራንሲስኮን ከተማ ዙሪያዋን ያነሣው በ13 ብርጭቆ ላይ ነበር፤ ለናይሮቢ ከቈጠርነው ጋር ቍጥሩ አንድ ነው። ልዩነቱ እሱ ከባድ የብርጭቆ ኔጋቲቮችን ማስተናገድ የነበረበት ሲሆን፣ የዛሬው አንሺ በኮምፒዩተር ያቀጣጥላል።

ከማተሚያው ክፍል

የአዛውንቱ ወገናችን መሥሪያ ቤት ጠባብ ነው፤ ግማሹን የያዘው ማተሚያው ነው። ወረቀቱ በጥቅል የሚመጣ ሲሆን ወርዱ 61 ወይም 112 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ርዝመቱ ግን በሜትር እንደሚቈረጥ ጨርቅ ነው።

«ምን ያህል መተለቅ ይችላል?» አልኳቸው።

«ማን ከየት ሆኖ እንደሚያየው ንገረኝና ልንገርህ» አሉ። ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ ካሜራ በቁሙ ሲያዝ ወርዱ 4,000፣ ቁመቱ 6,000 ነጥብ ይሆናል። አሥራ ሦስቱ ሲደራረቡና ሲቀጣጠሉ 36,000 ነጥብ ርዝመት ያለው ሥዕል ይወጣል። በእጅ ተይዞ በቅርብ ለሚታይ ሥዕል በኢንች 300 ነጥብ ስለሚያስፈልግ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከሁለት ሜትር ርቀት ለሚታይ የአዳራሽ ግድግዳ ግን 150 ነጥብ ስለሚበቃ እስከ 6 ሜትር ሊዘረጋ ይችላል።

ማተሚያው ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሰ በእያንዳንዱ ምልልስ ጠባብ መስመር ይጨምራል። ሥዕሉ ከታተመ በኋላ አዛውንቱ አንድ ቀን ሙሉ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እስኪደርቅ ድረስ ማንም እንዲጠቀልለው አይፈቅዱም። በባዶ እጅም አይነኩትም፤ የእጅ ላብና ቅባት ከጊዜ በኋላ ምልክት ያወጣልና።

የናይሮቢን ሥዕል እየተመለከትኩ ኪሊማንጃሮን ፈለግሁት። ወዲያው አላገኘሁትም። ጣታቸውን ከወረቀቱ ሳያስነኩ ከግራ ጫፍ አመለከቱኝ። በሦስት ሜትር ወረቀት ላይ ታላቁ ተራራ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበረ! የኬንያ ተራራ ደግሞ አንዲት የጣት ጥፍር ታክላለች። በፖስት ካርድ ላይ ከተማዋን የሚጫኗት ተራሮች በርቀት አቅራቢ ሌንስ የተነሡ ናቸው፤ ሐሰት አይደሉም፣ ግን በዙሪያቸው ያለው ተቈርጦ ቀርቷል። ቀጭኔ ከሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሥር የቆመ መስሎ የሚታይበት የታወቀው የናይሮቢ ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው፤ በቀጭኔውና በሕንፃው መካከል ያለው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል መሬት በሥዕሉ ውስጥ የለም።

በዚያ በተዘለለው መሬት ላይ ነው እንግዲህ የናይሮቢ ጉዳይ ያለው። ፓርኩ በሦስት ጎን ታጥሯል፤ በደቡብ በኩል ብቻ ክፍት ነው። ቶራ የሚመስለው «ዊልድቢስት» የተባለው እንስሳ ዝናብ ሲመጣ ወደ አቲና ካፒቲ ሜዳ ይወጣል፣ ሲደርቅ ወደ ፓርኩ ይመለሳል። ሜዳው ግን እየተሸነሸነ፣ እየታጠረና ቤት እየተሠራበት ነው። በዚህ ሜዳ የሚመላለሱት ዊልድቢስቶች እ.ኤ.አ. በ1978 ከ26 ሺህ በላይ እንደ ነበሩና እ.ኤ.አ. በ2011 ከ3 ሺህ በታች እንደ ወረዱ ከአየር የተደረገ ቈጠራ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 አገልግሎት የጀመረው የናይቫሻ ምድር ባቡር ደግሞ ፓርኩን አቋርጦ ስድስት ኪሎ ሜትር በሚያልፍ ድልድይ ላይ ይሄዳል። እንስሶቹ ከድልድዩ ሥር ያልፋሉ፤ ባቡሩ ከላይ። ጠባቡ ፎቶግራፍ ወይ አንበሳውን ወይ ባቡሩን ያሳያል። ሰፊው ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ተመልካቹንም «ከዚህ በኋላስ?» ያሰኘዋል።

አዛውንቱ አንድ ታሪክ ነገሩኝ። አንድ ባለ ሀብት ለእንግዳ መቀበያው አራት ሜትር የሚሆን የናይሮቢ ሥዕል አዘዘ። ናሙናውን ሲያይ ወደደው፤ ነገር ግን የቆርቆሮ ጣራዎቹ በዛፍ እንዲሸፈኑለት ጠየቀ። በዛሬ ኮምፒዩተር ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

«ታዲያ ምን አሉት?» አልኳቸው።

«ጌታዬ፣ ከመናፈሻው እስከ ደኑ ያለውን ብቻ ልቈርጥልዎ እችላለሁ፤ እሱም ያምራል። ጫፍና ጫፉን የመምረጥ መብት የእርስዎ ነው። መሃሉን ግን አልነካም፤ በዚያ ጣራ ሥር ሰው አለ አልኩት።» ሰውዬው ሥዕሉን ሳይወስድ ሄደ። የወረቀቱንና የቀለሙን ወጪ እሳቸው ቻሉ። ሥዕሉ ዛሬም ከማተሚያው በላይ ተሰቅሏል።

ያልተሠራው ሕንፃ

በሰፊ ሥዕል ላይ የሚታየው የተሠራው ብቻ አይደለም፤ ያልተሠራውም ይታያል። በናይሮቢ ሥዕል መካከል የሚያርፈው የኡሁሩ ፓርክ ባዶ አረንጓዴ መሬት እንዲሁ የተረፈ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 በዚያ ስፍራ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ታቅዶ ነበር። ዋንጋሪ ማታይ የተባለችው የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ መሥራች ደብዳቤ በመጻፍ ተቃወመች፤ ተሰደበች፣ ተዘለፈችም፤ በመጨረሻ ግን ዕቅዱ ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የካሩራ ደን ለግለሰቦች ሲከፋፈል ችግኝ ይዛ ሄዳ በዘበኞች ተደበደበች። ደኑ ግን ዳነ። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በሥዕሉ ላይ የምዕራቡም የሰሜኑም አረንጓዴ ቀለም የአንዲት ሴት ጽናት ማስታወሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚሁ አገር ኒክ ብራንት የተባለ እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ አንሺ ሰፊውን ሥዕል ለዚሁ ጉዳይ አውሎታል። ቀደም ሲል ያነሣቸውን የዝሆን፣ የአውራሪስና የአንበሳ ፎቶግራፎች በቁመናቸው ልክ አሳትሞ በትልልቅ ሰሌዳ ላይ አጣበቀ። ሰሌዳዎቹንም እንስሶቹ ቀድሞ ይመላለሱበት በነበረ፣ ዛሬ ግን የቆሻሻ መጣያ፣ የድንጋይ ማውጫ፣ ፋብሪካ ወይም የመንገድ ድልድይ በሆነ ስፍራ አቆማቸው። ከዚያ የአካባቢው ሰው ዕለታዊ ሥራውን እየሠራ ባለበት ሁሉንም በአንድ ሰፊ ሥዕል አነሣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በመጽሐፍና በኤግዚቢሽን ለሕዝብ ቀረበ። በፎቶግራፉ ውስጥ ዝሆኑ ራሱ ፎቶግራፍ ነው፤ ከአጠገቡ የሚያልፈው ሰው ግን እውነተኛ ነው።

ከናይሮቢ ልጆች መካከል ኢትዮጵያውያን ሊረሱት የማይገባም አለ። መሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ ተወለደ። በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ከማይክል በርክ ጋር ኮረም ደርሶ፣ በንጋት ጭጋግ ውስጥ በሜዳው ላይ የፈሰሰውን በረሃብ የተጎዳ ሕዝብ በፊልም አነሣ። አንድ የተራበ ሕፃን ማሳየት ያሳዝናል፤ ካሜራው ሜዳውን ሲያሻግር ግን ዓለም የመከራውን ስፋት አየ። ያ ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታይቶ ታላቅ የርዳታ እንቅስቃሴ አስነሣ። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ የሥራ ባልደረባው ጆን ማታይ ሞተ፤ አሚንም ግራ እጁን አጣ። በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራውን እንደገና ያዘ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲመለስ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ እሱ ነበር።

ለቤተሰብ ጥቂት ምክር

እመቤቶችና ጓዶች ሆይ፤ ይህን ሥራ ለመሥራት የግድ ናይሮቢ መሄድም ሆነ ውድ ካሜራ መግዛት አያስፈልግም። ዛሬ በየኪሱ ያለው ስልክ ፓኖራማ የማንሣት ችሎታ አለው።

ስልኩን በቁሙ ያዙት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከማዞር ይልቅ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቃችሁ በእግራችሁ ዙሩ። ፀሐይን ከኋላ አድርጉ። ከሁለት ክንድ በታች የቀረበ ነገር ፊታችሁ እንዳይኖር ተጠንቀቁ፤ መጋጠሚያው የሚበላሸው በቅርብ ነገር ነው። ልጆች ካሉ ዝም ብለው እንዲቆሙ ንገሯቸው፤ የሚሮጥ ልጅ ሦስት እግር ኖሮት ሊወጣ ይችላልና!

ለማሳተም ስትሄዱ አታሚውን ቀድማችሁ የሥዕሉን ነጥብ ብዛት ጠይቁት። አሥር ሺህ ነጥብ ርዝመት ያለው የስልክ ሥዕል በጥሩ ጥራት 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣዋል። ረጅም መስታወትና ክፈፍ ውድ ከሆነ ሥዕሉን በሦስት እኩል ክፍል አስቈርጡና በሦስት ተራ ክፈፍ ውስጥ ጎን ለጎን ስቀሉት። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያርፍበት ግድግዳና ከምድጃ ጢስ አርቁት። ከፍታው መሃሉ በቆመ ሰው ዓይን ትክክል ቢሆን ይመረጣል። በፖስታ የሚላክ ከሆነ አጥፋችሁ ሳይሆን ጠቅልላችሁ በካርቶን ቱቦ ውስጥ ላኩት።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ይታሰብ። ሰፊ ሥዕል ሁሉንም ስለሚያሳይ የጦር ሰፈርን፣ የጥበቃ ቦታንና ወታደራዊ ንብረትንም ሳታስቡት ያስገባል። ስለዚህ በካምፕ ውስጥና በአካባቢው ፓኖራማ አይነሣም። በኬንያም ቢሆን ወታደራዊና የጥበቃ ስፍራዎችን ማንሣት ያስጠይቃል፤ አብራሪ አልባ አውሮፕላን ለማብረርም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከካምፕ ውጭ ግን ዓለም ሰፊ ነው። በዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚሄድ ጓድ ከእንጦጦ ላይ ሆኖ አዲስ አበባን፣ ወይም ከትውልድ መንደሩ ጉብታ ላይ ሆኖ ማሳውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ ወንዙንና ማዶውን በአንድ ላይ ያንሣ። ባለቤቲቱም ለርቆ ሂያጁ የልጆቹን ፊት ብቻ ሳይሆን ግቢውን በሙሉ፣ ካደገው ባሕር ዛፍ እስከ ታደሰው አጥር ድረስ፣ አንሥታ ትላክለት። በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ስፍራ፣ በአንድ አቅጣጫ ቢነሣ ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ ልጆቻቸው ምን እንደ ተተከለና ምን እንደ ተቈረጠ፣ ጥፋቱንም ልማቱንም ሳይነግሯቸው ያነቡታል።

ስታነሡ ግን ያማረውን ብቻ አትምረጡ። የፈረሰው ጎጆ ካለ ይግባ፤ የደረቀው ምንጭም ይግባ። ጫፍና ጫፉን መወሰን የእናንተ ነው፤ መሃሉን ግን እንዳለ ተዉት።